ሠላሳ ስድስት ክዳን

ጥቅምት 8 ቀን 2017፣ ዓርብ

ለዚህ ደብተር ገጾች በሙሉ፣ ከፊት ለተኛችሁት የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ ኖቶችም ጭምር፦

የአሶሳ ከተማ ነዋሪ፣ የአይሱዙ ሾፌር፣ የሚጥሚጣ ወዳጅና የእንቅልፍ ባለሟል የሆነው ሙንታሲር ከጀሪካን ዓለም ሊለየን መሆኑን የምናስታውቀው በታላቅ ሐዘን ነው። ምክንያቱ ወርቅ ነው። በሚመጣው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ኩርሙክ በኩል ሊቆፍር ይሄዳል። ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ ለወርቁ ትዕግሥትን እንመኛለን። ድንኳን የለም። ንፍሮም የለም።

ሐዘኑ አለቀ። አሁን ነገሩን ልጻፍ።

የምሠራው እትዬ ዓፊያ ግቢ ነው፣ ከገበያው ጀርባ፣ ማንጎው ያለበት። ያገለገለ የዘይት ጀሪካን ከየቤቱና ከየምግብ ቤቱ ይሰበሰባል። እኔና የእትዬ ልጅ ኢንዓም ጠጠርና ኦሞ ከትተን እየናጥን እናጥባለን። የማር ነጋዴዎች ይወስዱትና ማር ሞልተው ወደ አዲስ አበባ ይልኩታል። ማሩ ካለቀ በኋላ ጀሪካኑ አንዱ ቤት ገብቶ ውሃ ይቀዳበታል፣ ይሰነጠቃል፣ ቆራሌ ይወስደዋል፣ ተፈጭቶ እንደገና ሌላ ዕቃ ይሆናል አሉ። ትንሣኤ ያለው ዕቃ ነው። እኔን ግን ማንም አይፈጨኝም።

ሙንታሲር የእትዬ የእህት ልጅ ነው። እየዞረ የሚሰበስበው እሱ ነው። ትዕዛዝ ካለ ይነዳል፤ ከሌለ ማንጎው ሥር ተኝቶ እኔን ይሰድባል። ዘንድሮ እስካሁን እንደተኛ ነው።

ጠዋት ሳይነሳ፣ "ስርጉት፣ ስንት ክዳን አለ?" አለኝ።

"አሥራ አንድ።"

"አምና በዚህ ጊዜስ?"

"አምና ግድግዳው አይታይም ነበር።"

"በቃ። ወርቅ ቢያንስ ክዳን አይጠይቅም።"

ክዳን ማለት ትዕዛዝ ማለት ነው። አሮጌ ጀሪካን ሲመጣ ክዳን የለውም፤ ልጆች ክዳኑን የመጫወቻ መኪና ጎማ አድርገውታል። ክዳን የሌለው ጀሪካን ደግሞ ለማር አይሆንም። ስለዚህ ነጋዴው የሚፈልገውን ያህል ክዳን አስቀድሞ ይልካል። እያንዳንዱ ነጋዴ ግድግዳው ላይ የራሱ ምስማር አለው፤ ክዳኖቹ በጆሯቸው ሽቦ ገብቶባቸው እዚያ ይንጠለጠላሉ። አምስት ክዳን፣ አምስት ጀሪካን። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። ግድግዳውን ግን ከትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር በላይ ያነባሉ።

ኢንዓም፣ "ልታለቅሺ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ኦሞ ነው።"

"ኦሞው ገና አልተከፈተም።"

ይህችን ልጅ አንድ ቀን ጀሪካን ውስጥ ከትቼ እንጣታለሁ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ከባምባሲ አቶ ዋቅሹማ በሚኒባስ ረዳት ክዳን ላኩ። አራት። አራት ቀይ ክዳን። ክዳናቸው ሁልጊዜ ቀይ ነው። አምና ሠላሳ የላኩ ሰው ናቸው።

እትዬ አራቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። አማርኛቸው የራሳቸው ነው፤ እኔን እንኳ አንተ ይሉኛል። "ማር ዛፍ ላይ ነው። ዛፍ አይናገርም። እኔ ስንት ጀሪካን ይሰብስብ? አላህ ያውቃል።"

ችግሩ ይሄው ነው። ብዙ ብንሰበስብ ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። ትንሽ ብንሰበስብና ማሩ በድንገት ቢወርድ፣ ነጋዴው ወደ አዲስ ጀሪካን ይዞራል፤ አንዴ የዞረ አይመለስም። ማሩ የሚታወቀው ቀፎው ሲከፈት ነው። ጀሪካኑ ግን ከዚያ በፊት ታጥቦ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ግድግዳውን እያየን እንጠብቃለን። ጥንቆላ ነው፣ በክዳን።

ሙንታሲር ሲወጣ "ነገ" አለኝ። "ከነገ በስቲያ በል" አልኩት። ሁልጊዜ እንዲህ እለዋለሁ፤ ቀልድ ይመስለዋል። በእኛ ቤት "ነገ እመጣለሁ" አይባልም። ድባጤ ሳለን ይባል ነበር። እማዬ አትወድም። በቃ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

አደረግሁት።

ባለቤት የጠፋባቸው ክዳኖች የሚጣሉበት ካርቶን አለ። ከዚያ ውስጥ ቀይ ቀዩን ለቀምኩ። ሃያ አምስት ብቻ አገኘሁ። አሥራ አንድ ሰማያዊ ጨመርኩበት። ሠላሳ ስድስቱን በአቶ ዋቅሹማ ምስማር ላይ ሰቀልኩ። ከአራቱ ጋር አርባ። እትዬ ከሩቅ ቀለም አይለዩም፤ የሽቦውን ርዝመት ነው የሚያዩት።

ኢንዓም አይታኝ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አቶ ዋቅሹማን እያበለጸግኩ።"

"ስርጉት፣ እናቴ ታርድሻለች።"

"ከነገ በስቲያ አወርደዋለሁ። ቀልድ ነው።"

ቀልድ ነው። ለሳቅ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ማንም ደብተሬን አንብቦ ሌላ ምክንያት ቢፈልግ ባዮሎጂውን ያንብብ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ሞት ተሰረዘ!

እትዬ ጠዋት ግድግዳው ፊት ቆሙ። ቀረብ አሉ። ራቅ አሉ። ሽቦውን በጣታቸው አወዛወዙት።

"ዋቅሹማ አብዷል ወይስ ማር አግኝቷል?"

"ማር ያሳብዳል ይባላል" አልኩ።

"ሙንታሲር! ተነሣ! ወርቅ የለም! መንዲ ሂድ፣ ባምባሲ ሂድ፣ ሆቴሎቹን ጠይቅ!"

ሙንታሲር ተነሣ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ጀሪካን ውስጥ ራሴን ከትቼ ነበር፣ የቆሸሸ ነገር እየፈለግሁ። ሲወጣ መንገድ ላይ የመኪናውን ጥሩንባ ሦስት ጊዜ ነፋው። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ክዳኖቹን ማውረድ ነበረብኝ። ሥራ በዛ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

አንድ ነገር ተማርኩ፣ ስምንተኛ ክፍል ያላስተማሩኝ። ክዳን ይወልዳል።

ሻዕባን የሚባል የከተማው የማር ነጋዴ አሥር ክዳን ሊሰቅል መጣ። የአቶ ዋቅሹማን ሽቦ ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ። "ዋቅሹማ አርባ?" አለ። እኔ ጀሪካን መናጤን ቀጠልኩ። አሥሩን ኪሱ ከተተ። ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አምስት ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ ሌሎቹ መጡ። ሃያ የሚፈልገው ስልሳ ይሰቅላል፤ "ጀሪካን ሳያልቅ ልቅደም፣ ግማሹን ብትሰጡኝ ይበቃኛል" እያለ በልቡ። በልቡ መሆኑን የማውቀው ፊታቸው የእኔን ፊት ስለሚመስል ነው።

ወፍጮ ቤት ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "ዘንድሮ ማሩ ጎርፍ ነው አሉ።" "ማን አለ?" "የጀሪካን ግድግዳ ሞላ አሉ።"

ወሬው የእኔ ልጅ መሆኑን እያወቅሁ፣ እኔም ትንሽ ደስ አለኝ። ማሩ መብዛቱ ደስ አለኝ! እዩት እንግዲህ።

አሁን ግድግዳው ላይ መቶ ሰማንያ አካባቢ አለ። ሠላሳ ስድስቱን ባወርድ ማን ያስተውላል? ማንም። ስለዚህ ማውረዱ ጥቅም የለውም። እንዲህ ነው የማስበው።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። አሶሳ ውስጥ ባዶ ጀሪካን ጠፋ። ሴቶቹ አልሸጥም እያሉ አልጋ ሥር ደብቀዋል። እጄ ከኦሞው ደነዘዘ፤ እርሳሱ አይሰማኝም። እትዬ ስለ ማንቡክና ፓዌ እያወሩ ነው። እዚያ፣ በድባጤ በኩል፣ ብዙ አለ አሉ። ለምን እዚያ? እሳቸው ያውቃሉ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ተወሰነ። ሙንታሲር እሑድ በጉባ በኩል አድርጎ ማንቡክ ይሄዳል፣ ከዚያ ፓዌ። ሰብስቦ ይመለሳል። አምስት ቀን።

"መንገዱስ?" አልኩ።

"መንገዱ አሁን ደህና ነው፣ ያ ቢንቲ" አሉ እትዬ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"መንዲ አይበቃም?"

"መንዲ አለቀ። ሰው ክዳን ሰቅሏል። እኔ ለሰው ምን ይላል?"

ሙንታሲር ጎማ እየነፋ ነበር። ልነግረው አጠገቡ ቆምኩ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ "ጉባ ሙቀቱ ጭንቅላትህን ያቀልጠዋል። የሚቀልጥ ነገር ካለ።"

"ከቀለጠ በጀሪካን አምጥቼልሽ ክደኚው" አለ።

ሳቅሁ። ያኔ ነበር መናገር ያለብኝ። ጎማው ተነፋ፣ ደቂቃው አለፈ። አንቺ ምላስ እንኳን የለሽም ስርጉት፤ ያለሽ ጠጠር ነው፣ ይንጫጫል እንጂ አይናገርም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ሄደ። ጥሩንባ ሦስት ጊዜ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ለእትዬ ደወለ። ስልኩን ጮክ አድርገው ስለሚይዙ ሁላችንም ሰማን። "ማንቡክ ነኝ። የፓዌውንም ጭኛለሁ፤ ሦስት መቶ አካባቢ። ነገ እገባለሁ።"

ነገ አለ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

አልገባም። ስልኩ አይሠራም። ሠላሳ አንድ ጀሪካን አጠብኩ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

አልገባም። ሠላሳ አራት አጠብኩ። ኢንዓም እጄን አይታ ጓንት ሰጠችኝ። ጓንቱ ቀዳዳ ነው፤ እሷ ናት የቀደደችው፣ እንድስቅ ብላ። ጣቶቼ እንደ ላም ጡት ወጡ። አልሳቅሁም፤ ፊቴ ግን የመሳቅ ቅርጽ ያዘ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

በዝርዝር ልጽፈው ነው፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል።

አቶ ዋቅሹማ ዛሬ ከባምባሲ ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ጃንጥላ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔን ሁልጊዜ "ኢንታላ ኮ" ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ የተደረደረውን ቢጫ አይተው አፏጩ።

"ዓፊያ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው? ማር የለም እኮ።"

እትዬ ሳቁ። "ቀልድ።"

"ቀልድ አይደለም። ዝናቡ ዘግይቶ አበባውን አረገፈው። ቀፎ ከፍተናል፤ ባዶ ነው። ይልቅ ካስቀመጥኩት አራት ክዳን ሁለቱን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"አራት?" አሉ እትዬ።

ወደ ምስማሩ ሄዱ። አቶ ዋቅሹማ ሽቦውን አነሱት፣ እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። ክዳኖቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። "ይሄ ሰማያዊ የእኔ አይደለም። እኔ ሰማያዊ ልኬ አላውቅም። ይሄ የማን ነው? ኢንታላ ኮ፣ ይሄ የማን ነው?"

ኢንዓም መሬት መሬት አየች።

"የእኔ ነው" አልኩ።

"ስርጉት" አሉ እትዬ፣ "አንተ ነው የሰቀለው?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ለቀልድ።"

እንዲጮሁ ጠበቅሁ። ለጩኸት ተዘጋጅቻለሁ፤ መልስ አለኝ፣ ፊት አለኝ። አልጮሁም። ቀስ ብለው፣ "ሙንታሲር ለቀልድ ነው የሄደው?" አሉ። ከዚያ ውዱእ ሊያደርጉ ገቡ።

አቶ ዋቅሹማ ሁለት ቀይ ክዳን ከሽቦው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። በሩ ላይ ዞረው፣ "ልጁ መቼ ነበር የሚመጣው?" አሉኝ።

"ዓርብ።"

ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ፀሐይም ዝናብም አልነበረም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ መጥተው አወረዱ። ሻዕባን ሠላሳውን ወሰደ፣ አምስቱን ተወ። "ሰው ይዋሻል፣ ግድግዳ አይዋሽም ብዬ ነበር" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለምስማሩ። ሲሰቅሉ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ሲያወርዱም ተሽቀዳደሙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ክዳን ቀረ። ከመጀመሪያው አሥራ አንድ እንኳ ያነሰ።

እትዬ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጀሪካን አነሱ፣ ጠጠር ከተቱ፣ መናጥ ጀመሩ። ማንም የማይፈልገውን ጀሪካን። እኔም ናጥኩ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ መነጋገር አያስፈልግም።

እማዬ ማታ፣ "ያ የጀሪካኑ ልጅ ጠፋሳ፣ የት ሄደ?" አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ማንቡክ፣ ፓዌ። እጇ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጠች። መልሳ አነሣችው።

ወንድሜ የሺዋስ በ2013 ከድባጤ ሲወጣ ነገ እመጣለሁ ብሎ ነው።

ዛሬ ሃያ ስድስት አጠብኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

መናኸሪያ ሄድኩ። ሾፌሮቹን ጠየቅሁ።

አንዱ፦ "መንገዱ ተዘግቷል አሉ።"

ሁለተኛው፦ "ኧረ ትናንት የመጣ መኪና አለ።"

"ማን አየው?"

"ሰው አየው።"

ሦስተኛው ሳቅ ብሎ፣ "እህት፣ ባልሽ ነው?" አለኝ።

"ጀሪካኔ ነው" አልኩ። ሳቁ። ሁልጊዜ የሚያስቅ ነገር አለኝ። እሳት ቢነሣም የሆነ ነገር እላለሁ።

ስመለስ አሰብኩ። ተዘግቷል ያለውም፣ መኪና መጣ ያለውም፣ ሁለቱም ያላዩትን ነው የሚሰቅሉት። እኔ ደግሞ ከሁለቱ የወደድኩትን ሽቦ አንሥቼ ርዝመቱን ለካሁ። እንደ ሻዕባን።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዛሬም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ዛሬም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትመለስ፣ "የዚያ ልጅ እናት ስሟ ማነው?" አለችኝ። እናቱ ሞታለች፣ እትዬ ናቸው ያሳደጉት አልኳት። "ዓፊያ" አለች፣ ስሙን እንደ ማጥናት። ለጸሎት ይሁን ለሌላ ነገር አላውቅም።

የሚሰማኝ ነገር የለም። ይሄን መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል። ማልቀስ ቢመጣ አለቅስ ነበር። የሚመጣው ቁጥር ነው። አሥር ቀን። ሦስት መቶ ጀሪካን። ሠላሳ ስድስት ክዳን። ከሠላሳ ስድስቱ አሥራ አንዱ ሰማያዊ። ቀይ ብቻ ሰቅዬ ሃያ አምስት ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት መንዲ ይበቃ ነበር። አሥራ አንዱን ለምን ጨመርኩ? አርባ የሚለው ቁጥር ደስ ብሎኝ። ሞልቶ የሚታይ ቁጥር ነው፣ አርባ።

ወርቅ ሊቆፍር ቢሄድ ኖሮ አሁን የት እንዳለ አውቅ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ። ተናድጄበት፣ እየሰደብኩት፣ ግን አውቅ ነበር።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

እትዬ ከአንድ ሰው ቤት መኪና ሊለምኑ ሄዱ፤ ሰው ይዘው ፍለጋ ሊወጡ። ነገ ጠዋት ይነሳሉ። "እኔም ልሂድ" አልኩ። "አንተ ይጠብቃል" አሉኝ፣ ልጠብቅ ማለታቸው ነው። "መኪና ሲመጣ በር የሚከፍት ሰው ይፈልጋል።" ሲመጣ ነው ያሉት። ቢመጣ አላሉም። ስለዚህ በር ከፋች ሆኛለሁ። ሹመት ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ለፍለጋው የተገኘው መኪና ገና ነዳጅ ሳይሞላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ላይ ጥሩንባ። ሦስት ጊዜ።

በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩት። መቀርቀሪያው አልያዝ አለኝ፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ በክንዴ ገፋሁት።

አይሱዙው ከነቢጫ ተራራው ገባ። ጀሪካኖቹ በገመድ ታስረው ከጎጆ ጣሪያ በላይ ወጥተዋል። ሙንታሲር ወረደ። ከስቷል፣ ጺም አብቅሏል፣ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ይመስላል። ከጉባ ወዲህ ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰብሮ ነው። የስልክ ኔትወርክ የለም። በአንድ አላፊ የጭነት መኪና መልእክት ልኮ ነበር፤ መልእክቱ ከሰው ሰው ሲዞር የሆነ ቦታ ቀረ። ባሌስትራ ከማንቡክ እስኪመጣለት ዘጠኝ ቀን መኪናው ሥር ተኛ። በአቅራቢያው ያሉ ገበሬዎች ገንፎ ያመጡለት ነበር፣ እሱም ሲሄድ ስድስት ጀሪካን ሰጣቸው።

"ስድስት ጎድሏል" አለ ለእትዬ፣ ከሁሉም በፊት።

እትዬ ጀርባውን በጥፊ መቱት፣ እንደገና መቱት፣ ከዚያ ልብሱን ጨምድደው ያዙና አልለቅ አሉ። "ሐምዱሊላህ" አሉ፣ "አንተ ቆሻሻ፣ ሐምዱሊላህ።"

እኔ ምን እንዳልኩ ልጻፍ? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የማስበው ነገር ነበር። የወጣው ይሄ ነው፦ "ጺምህ ኦሞ ይፈልጋል።"

"አንቺስ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ጀሪካን አጥቤ።"

"ለማን?"

ግድግዳውን አየ። ባዶ ምስማሮች። ዘጠኝ ክዳን። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ፣ እትዬ እንዳይሰሙ ድምፁን ቀነሰ።

"ማሩ የለም አይደል?"

"የለም። እኔ ነኝ የሰቀልኩት፣ ሙንታሲር። ሠላሳ ስድስቱን።"

"አውቃለሁ።"

"ምን ታውቃለህ?"

"ዋቅሹማ መቼ ነው ሰማያዊ የላከው? የዛን ዕለት ጠዋት አይቼዋለሁ። ከማንጎው ሥር ይታያል፤ ተኝቼ ሌላ የማየው ነገር የለኝም።"

"አውቀህ ሄድክ?"

"ሌሎቹም ሰቀሉ። እነሱ እውነት መሰሉኝ።" ገመዱን መፍታት ጀመረ። "ደግሞ እንዲህ የሰቀለው ሰው መሄዴን ያልወደደ ሰው ነው ብዬ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው ጠፋኝ፤ ኢንዓም ምስክር ናት፤ ቀኑን መዝግባለች።

"ኩርሙክስ?" አልኩት የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዤ።

"ወርቁ የትም አይሄድም።"

ኅዳር 20፣ ዓርብ

አዲስ ሕግ። ክዳን የሚሰቅለው ባለቤቱ በገዛ እጁ ነው። ሊልክ የፈለገ ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ለእትዬ ይናገራል፣ ክዳኑ ሲደርስ ከቁጥሩ ጋር ይመሳከራል። እኔ ወደ ግድግዳው ሦስት እርምጃ ድረስ እንጂ ከዚያ በላይ መቅረብ አይፈቀድልኝም። ኢንዓም በከሰል መሬት ላይ መስመር አስምራልኛለች። የእግሬን ጣት አስገብቼ አወጣለሁ፤ ትጮሃለች።

ጀሪካኖቹስ? ሦስት መቶዎቹ ግቢውን ሞልተውታል። የተሰነጠቁት ለቆራሌ ሄዱ፣ ሊፈጩ። ደህናዎቹን ከፀሐይ ለማዳን በሳር ሸፈንናቸው። ለመጪው የማር ወቅት ይደርሳሉ ወይ? ዛፍ አይናገርም። እትዬ ከሥራው አላባረሩኝም። ለምን እንዳላባረሩኝ አልጠየቅሁም፤ መልሱን ብሰማ መቆም የማልችል ይመስለኛል። ብቻ ትናንት አቶ ዋቅሹማ መጥተው፣ "ኢንታላ ኮ፣ በሚቀጥለው አርባ ስትሰቅዪልኝ ማሩንም አብረሽ ስቀዪ" ሲሉ፣ እትዬ ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቅ መስሎኛል።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ለዚህ ደብተር ገጾች በሙሉ፣ ለባዮሎጂውም ጭምር፦

ጥቅምት 8 የወጣው የሐዘን መግለጫ የተሳሳተ መሆኑን እናስታውቃለን። ሟቹ ማንጎው ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል። ስለረበሽናችሁ ይቅርታ።

ዛሬ ወደ ቤት ስሄድ ሙንታሲር በሩ ድረስ መጣ። "ነገ ጠዋት መንዲ እሄዳለሁ፣ ለሆቴሎቹ የተረፈ ጀሪካን ልመልስ። ማታ እመጣለሁ" አለ። ከዚያ ራሱን አረመ፣ ለእኔ ብሎ። "ይቅርታ። ከነገ በስቲያ።"

"ነገ በል" አልኩት።

አየኝ። "ነገ" አለ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ "ከመጣ ራት እዚሁ ይብላ" አለች።

ነገሩ ሲጠቃለል ይሄው ነው። ሠላሳ ስድስት ክዳን፣ አንድ የተሰበረ ባሌስትራ፣ የደነዘዘ የአንዲት ልጅ እጅ። ማንም አልሞተም። ትንሽ ነገር ናት፣ ይህን ያህል ገጽም አይገባትም ነበር።